የሙሴ ኮስታ አድራሻ

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት የቡሬው ነጋዴ ይርሳው አንድ ምኞት ነበረው፤ ከቡሬ ሰው ሁሉ ቀድሞ በርበሬውን በገዛ ስሙ ባሕር ማዶ መሸጥ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለሙሴ ኮስታ ኩባንያ ሲያስረክብ ኖሯል። ፈረንጁ ይረከባል፣ ያስለቅማል፣ ይልካል። ወዴት? እሱን ኮስታና ፈጣሪ ብቻ ያውቃሉ።

«የገዢውን አድራሻ ብቻ ላግኝ፣ ያኔ ይሄ ቀበሮ አለቀለት!» እያለ ለሚስቱ ለአልጣሽ ይዝትላታል።

አድራሻው በየጆንያው ላይ በጥቁር ቀለም ተጽፏል፤ ጆንያው ግን መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ኮስታ ለምሳ ሲወጣ ቁልፉን በሩ ላይ ረስቶት ሄደ። ይርሳው ዘው አለ። የፈረንጅ ፊደል ስለማያውቅ እንደ ሥዕል እያየ ወረቀት ላይ ገለበጠው። ሊጨርስ ሲል የበርበሬው ብናኝ አፍንጫው ገባና አስነጠሰው።

«ይማርህ!» አለ ኮስታ ከውጭ። እያፏጨ አለፈ።

ይርሳው ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። «ዘበኛው መስዬው ነው፤ ቂል!» ብሎ ራሱን አጽናና።

ሰኞ ፍኖተ ሰላም ወረደ፤ ደብዳቤ የሚጽፍለት አስተማሪ ክንፈሚካኤል ዘንድ። ደጁ ላይ የቡሬው ነጋዴ ዘሩ ሲወጣ ተገጣጠሙ።

«ምነው ዘሩ፣ በደህና?»

«ጥርሴን አሞኝ። አንተስ?»

«ክስ አለብኝ።»

ለጥርስ ሕመም አስተማሪ ቤት! ይሄ የኮስታ ሰላይ ካልሆነ ምናለ በሉኝ፣ አለ ይርሳው በሆዱ። ዘሩ ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ ጠበቀ።

አስተማሪው ፈጣን ነው። ይርሳው የገለበጠውን ወረቀት ከኪሱ እስኪያወጣ እሱ ፖስታውን ጽፎ ጨርሷል።

«ወይ መማር!» አለ ይርሳው ተደንቆ። ደብዳቤው ከናሙና በርበሬ ጋር ሄደ።

ሦስት ወር እንቅልፍ የለም። ኮስታ ባገኘው ቁጥር «እንዴት ነህ ይርሳው?» ይለዋል፣ ፈገግ ብሎ። ሳቅ፣ ሳቅ፣ ግድ የለም፤ ታለቅሳታለህ፣ ይላል ይርሳው በልቡ።

መልሱ መጣ። አስተማሪው እያዛጋ ተረጎመለት፦ «በርበሬዎን ወደነዋል። ከእንግዲህ በስምዎ እንረከብዎታለን።»

ይርሳው ብድግ ብሎ ፎከረ። «ቀደምኩ! የቡሬን ሰው ሁሉ ቀደምኩ! ያንን ፈረንጅ ጉድ ሠራሁት!»

«ይቀመጡ እንጂ፣ አልጨረስኩም» አለ አስተማሪው።

«ሙሴ ኮስታ ከቡሬ መርጠው ከላኩልን ነጋዴዎች እርስዎ አሥራ አንደኛው ነዎት።»