ጠንካራው ሰሌዳ

ሻጩ ሁለቱን የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳዎች ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ "ላንቺ ዓይነቷ ጎበዝ ጠንካራው ነው የሚሆነው። በፍጥነት ስትወርጂ አይንቀጠቀጥም" ሲላት ማንአልሞሽ ተቆጣች። ስኖኳልሚ ተራራ ላይ ስድስት ክረምት የወረደች ሰው፣ ጠንካራ ሰሌዳ ምን እንደሚያደርግ ከሱ አትማርም።

"ለስላሳውን ነው ያልኩህ" አለችው።

አብሯት ከኬንት ከተማ የመጣው ወንድሟ ሳቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰውዬው እውነቱን ነው። ለስላሳው እኮ የጀማሪ ነው።"

"አውቃለሁ። በጠንካራው ከወረድኩ ግን አንተ ኋላ ትቀራለህ። ታች ቆሜ ስጠብቅህ ልሙት?"

ወንድሟ ሳቁን አቆመ። ቀበቶው ላይ የሰካውን፣ ከቤት ሲፈልጉት የሚጮኸውን ፔጀር ነካ ነካ አደረገ። "የኔን ሰሌዳ እኮ ሸጥኩት" አላት። "ልጄ ከተወለደ ወዲህ ቅዳሜ የታለኝና? ልነግርሽ ነበር።"

ማንአልሞሽ የለስላሳውን ሰሌዳ ጫፍ ያዘች። ከዚያ ለሻጩ መለሰችለትና ጠንካራውን አነሳች።

"ተመስገን" አለ ወንድሟ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። "ዛሬስ ምክር ሰማሽ።"