ረጋፊት

ሁለት ጨረቃ በሚወጣበት አገር፣ ውሸት በሰማች ቁጥር አንድ ላባ የምትጥል ረጋፊት የምትባል ወፍ አለች። ሴት ልጅ ያለው አባት ሁሉ ቤቱ ውስጥ ያኖራታል፤ ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ የጠፋውም በእሷ ምክንያት ነው።

አንድ ሽማግሌ ግን ለወንድማቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ሲሄዱ መላ ዘይደው ነበር። እንደ ወጉ ቆመው፣ ዓይናቸውን ከወፏ ሳይነቅሉ፣ "ልጃችን ሰነፍ ነው" አሉ። "ጠላ ካየ አይነሣም። ሲተኛ ቤት እስኪናወጥ ያንኮራፋል። ብቻ ልጅዎን ይወዳታል።"

ወፏ ንቅንቅ አላለችም።

የልጅቷ አባት ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። "ስንቱ ቀጥፎ ተመለሰ! እንደ እርስዎ ላለ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ይቀመጡ!"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አንዴ ከተቀመጡ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ወደኋላ ማለት የለም።

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ እኔም ስለ ልጄ እውነቱን ልንገርዎ።"

አንድ ላባ እየተንሳፈፈ ወረደ።

"ዝምተኛ ናት። ቁጣ የሚባል አልፈጠረባትም። ሙያዋማ አይወራ! ጎረቤቱ ሁሉ በስሟ ነው የሚምለው..."

አባትየው ገና ሳይጨርሱ፣ ወፏ ራቁቷን እየተንቀጠቀጠች መጥታ የሽማግሌው ጋቢ ውስጥ ገባች።