በጥዋለት የባሕር ዳር ቤት

ጸሃየ አስመራ፣ ሓዝሓዝ ሰፈር ያለውን ቤቱን ሽጦ ምጽዋ ላይ ሊገዛ ነው ሲባል የሚስቱ ወንድም ኣስፋው በመጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ተናደደ።

ጸሃየ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የሌላ ሰው የሚመስል ሰው ነው። ኣስፋው ደግሞ ገበያው አጠገብ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ አለው። ታናሽ እህቱ ብርክቲ ከዚህ ሁሉ ወንድ መርጣ ይህን ማግባቷ እስከዛሬ አልዋጥ ብሎታል።

ሊገዛ ያሰበው ቤት ምጽዋ ውስጥ፣ ጥዋለት ደሴት ላይ፣ ባሕሩ አፍ ላይ የቆመ፣ በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያውን መድፍ የበሳው አሮጌ ቤት ነው። ነጻነት ከመጣ ወዲህ ከሱዳኑም ከጣሊያኑም የሚመለሰው ሰው አስመራ ውስጥ አንዲት ክፍል ለማግኘት ይሻማል። ይህ ሰው ግን በእጁ ያለውን ለቆ ሙቀትና ቁራ ወዳለበት ሊወርድ ነው። ኣስፋው ምክንያቱን ሲጠይቀው ጸሃየ መሬት መሬት እያየ ባሕሩ ደስ እንደሚለው ነገረው።

«ባሕር ደስ የሚለው ዓሣ ነው» አለ ኣስፋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከታተለው ያዘ። ብዙም አልተቸገረ። ጸሃየ በየቅዳሜው አውቶቡስ ይዞ ወደ ምጽዋ ይወርዳል፤ እሑድ ማታ በፀሐይ ጠቁሮ ይመለሳል። ቤት ሲሆን ደግሞ ያለ ልማዱ ደግ ሆኗል። ውሃ ራሱ ይቀዳል፣ ከገበያ ዘንቢል ተሸክሞ ይመጣል፣ ብርክቲ ደረጃ ስትወጣ ክንዷን ይይዛል። ኣስፋው እንዲህ ያለውን ደግነት ያውቀዋል፤ የበደለ ባል ደግነት ነው። አንድ ቀን ለሚስቱ አዲስ ጫማ ገዝቶ መጣ፤ ኣስፋው ከሚያውቀው ልኳ በጣም ይሰፋል። ይህን ያህል ዓመት አብሯት ኖሮ የእግሯን ልክ አያውቅም።

ብርክቲም በንዴት እየተጎዳች ነበር። ምግብ አስጠልቷታል። ትራስ ደራርባ ቁጭ እንዳለች ነው የምታንቀላፋው። ሁለት ቃል ስትናገር ትንፋሿ ይቆረጣል። እሷ ራሷ ወፈርኩ እያለች ትስቅ ነበር፤ ኣስፋው ግን አልሳቀም። እህቱን እንዲህ ያደረጋት ማን እንደሆነ ያውቃል።

በአንዱ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ በሌላ ማኪና ተከተለው። ጥዋለት ሲደርስ በፈረሰ አጥር ጥግ ቆመ። ጸሃየ ከአንዲት ወጣት ሴት ጋር ቤቱ ውስጥ ነበር። ነጭ ጫማ አድርጋለች፤ ቆንጆ ናት። ምድር ቤት ያለውን ክፍል እየተዘዋወረች ታያለች።

«አልጋው እዚህ መስኮቱ ስር ይሁን፤ ነፋስ ይገባል» አለች። «እኔ ጎረቤት ነኝ፤ በየማታው እመጣለሁ።»

ጸሃየ እጇን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገናት። ኣስፋው ከዚህ በላይ ማየት አላስፈለገውም። ሲመለስ የጊንዳዕን ዳገት ሁሉ ብቻውን እየተሳደበ ወጣው።

ብርክቲ የነገራትን ሰምታ ብዙ አላለቀሰችም። ደረቷን በእጇ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ከዚያ ሽማግሌ እንዲጠራላት ወንድሟን ጠየቀችው።

ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት ጸሃየ ወደ ጨርቅ ሱቁ መጣ። ኣስፋው ገዢዎቹን እያስተናገደ አቆመው፤ ወንበር እንኳ አልሰጠውም። ጸሃየ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ለብቻቸው እንዲነጋገሩ ለመነው።

«የማታፍርበት ነገር ከሆነ እዚሁ ተናገር» አለው ኣስፋው፣ ገዢዎቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ጸሃየ ገዢዎቹን አየ። «ሕራይ፣ ይሁን» ብሎ ወጣ። ኣስፋው ከኋላው እያየ፣ እንደ ወንድ መዋሸት እንኳ አይችልም ብሎ ለገዢዎቹ አጫወታቸው።

ሽማግሌዎቹ ብርክቲ ቤት ተሰበሰቡ፤ የንስሐ አባቷም መጡ። ጸሃየ መልስ ከመስጠቱ በፊት ብርክቲ ከክፍሉ እንድትወጣለት ጠየቀ። ኣስፋው አይሆንም አለ፤ የተበደለችው እሷ ናት፣ ፊት ለፊት ትስማ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች ተጠየቀ። ጸሃየ ሚስቱን አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። ቄሱ እንኳ ፊታቸውን አዞሩበት።

ተፈረደበት። የሓዝሓዙ ቤት አይሸጥም፤ ምጽዋም ዳግመኛ አይረግጥም። ጸሃየ እያለቀሰ ማለ። ኣስፋው እንዲህ ያለ ርካሽ ልቅሶ አይቶ አያውቅም። የጥዋለቱን ቤት ባለቤቱ ብዙም ሳይቆይ ከጅዳ ለመጣ ነጋዴ ሸጠው፤ ኣስፋው ይህን ሲሰማ ለጓደኞቹ ሻሂ ጋበዘ።

ክረምቱ ሲገባ ብርክቲን ሳል ያዛት። ብርድ ነው ተባለ። አንድ ጠዋት ኣስፋው ሊጠይቃት ሲሄድ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኛት። ጸሃየ ሥራ ቦታ ነበር፤ ኣስፋው አላስጠራውም። ለእህቱ ከእሱ የሚቀርባት እንደሌለ ሊያሳይ ፈልጎ በራሱ ማኪና ሆስፒታል ወሰዳት። አንድ አረጋዊ ሐኪም እንዳያት በስሟ ጠራት፤ ደረቷን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ኣስፋውን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ በሩን በቀስታ ዘጋው።

«ባለቤቷ ምን ነካው?» አለ ሐኪሙ። «ልቧ ይህን ከፍታ አይችልም፣ ደንግጣ እንዳትሞትብህ ሳትነግራት ቶሎ ወደ ባሕር አውርዳት ብዬው፣ እዚያ የምትከታተላት ነርስም አገናኝቼው ነበር፤ አሁንማ መንገዱንም አትችለው።»