ክዳኑ ሳይከፈት

ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌጤነህ፣ "ለኃላፊዎቹ ከመግዛታችን በፊት ፈትሸህ ሪፖርት አቅርብ" ብለው ባለቀለም ስክሪኑን ታጣፊ ስልክ ለአንድ ወጣት ሠራተኛ ሰጡት። ሳምንቱን ሙሉ በኪሱ ይዞት ዞረ። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አልነበብ እንደሚል አልደበቀም፤ አንድ ነገሩን ግን አወድሶ አልጠገበም። ስልኩ ሲጠራ፣ ክዳኑ ሳይከፈት፣ የደዋዩ ዓይነት ክዳኑ ላይ ባለው መብራት ቀለም ይለያል። "ደንበኛን በአረንጓዴ፣ ሠራተኛን በሰማያዊ፣ የማይነሣለትን ሰው በቀይ መመደብ ይቻላል" ሲል ጻፈ።

አቶ ጌጤነህ ሐሳቡን ወደዱት። ስልኩን ለራሳቸው አስቀሩት፤ ስሞቹንም ቢሯቸውን ዘግተው ራሳቸው መደቡ።

ሰኞ፣ ስብሰባ ላይ፣ ስልካቸው ቀይ በራ። ክዳኑ ላይ የወጣውን ስም ገረፍ አድርገው አዩና "የግምጃ ቤቷ እልፍነሽ ናት" ብለው ሳያነሡት ንግግራቸውን ቀጠሉ። ሐሙስ ወይዘሮ እልፍነሽ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። በሳምንቱ ሾፌሩ ቢሻው ሲደውል ቀይ በራ፤ ቅዳሜ የመኪናውን ቁልፍ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን የፈተሸው ወጣት ለአለቃው መደወል ትቶ፣ ለትንሹም ለትልቁም ጉዳይ አራት ፎቅ በእግሩ መውጣት ለመደ።

ዛሬ የቦርድ አባላት መጡ። አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ እያዩ፣ "የመረጥከው አንተ ነህ አሉ። እስቲ ደውልና አሳየን፣ ልጄ" አሉት።

"ሌላ ጊዜ ይደርሳል" አሉ አቶ ጌጤነህ፣ ፈጠን ብለው።

እሱ ግን ደውሎ ነበር። አቶ ጌጤነህ መዳፋቸውን ስልኩ ላይ ጫኑት። የጣቶቻቸው መሃል እንደ ፍም ቀላ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ሲያምር" አሉ።