የማይሸሹ ዶሮዎች

የግብርና ባለሙያዋ ለአሮጊቷ አምስቱን የተዳቀሉ ዶሮዎች ስታስረክባት፣ «እማማ፣ እነዚህ እንደ ሐበሻ ዶሮ አይደሉም። በየቀኑ ይጥላሉ፤ አይታቀፉም፤ ዛፍ ላይ አይወጡም፤ ከሰውም አይሸሹም» ብላት ነበር።

እውነት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የአሮጊቷ ጨውም ዘይትም የሚገዛው በእንቁላል ነው። እጇን ስትዘረጋላቸው ክንፋቸውን ከፈት አድርገው እግሯ ሥር ዝቅ ይላሉ። ጎረቤቷ ይርዳው፣ «እትዬ፣ ምራትም እንዲህ አትታዘዝዎትም» እያለ ይስቅ ነበር።

ኋላ በታችኛው መንደር ፈንግል ገባ። በሽታው እንዳይዛመት የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ፣ ጤነኛውም ሳይቀር፣ ተሰብስቦ ይቃጠል ተባለ። ጠዋት ሁለት ሰዎች ጆንያ ይዘው መጡና ከይርዳው ግቢ ጀመሩ። የይርዳው የሐበሻ ዶሮዎች እየተንጫጩ ግማሾቹ ባሕር ዛፍ ላይ ወጡ፣ ግማሾቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። አንዲትም አልተያዘችም።

አሮጊቷ ይህን በአጥር ቀዳዳ አይታ ወደ ጓሮዋ ሮጠች።

«ሂዱ፤ ጥፉ ከዚህ» አለቻቸው።

ቆመው አዩዋት። ሻሿን ፈትታ ብታራግብባቸው ጭራሽ ተጠጉ። ሲጨንቃት ከመሬት ጠጠር አፍሳ ወረወረችባቸው። አምስቱም በቆሎ መስሏቸው እየተሽቀዳደሙ መጡና እግሯ ሥር ይለቅሙ ጀመር።

ሰዎቹ ገቡ። አንደኛው እጁን ሲዘረጋ የመጀመሪያዋ ዶሮ ክንፏን ከፈት አድርጋ ዝቅ አለች።

«እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እማማ» አለ፣ ጆንያውን እያሰረ። «ሰብስበው ባይጠብቁን እዚህም ስናሯሩጥ ልንውል ነበር።»