የቨርሊን ፊሽካ

«ያን ዓመት የዊስኮንሲንን ዋንጫ ያጣነው» አለ ቨርሊን፣ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ከወረቀቱ እያነበበ፣ «ነፍሱን ይማረውና፣ ወፍራም ድምፃችን ኦግደን የታችኛውን ቃና ማውረድ ስላቃተው ነበር።»

የማኅበሩ ግብዣ አዳራሽ በሐዘኔታ አጉተመተመ። ሁሉም የሟቹን ሚስት ኤልቫን ሰረቅ አድርጎ አያት። እሷ የድንች ሰላጣዋን በሹካ ወጋችው። ቨርሊን ያለ መሣሪያ በአራት ድምፅ የምንዘፍንበትን የባርበርሾፕ ዘፋኞች ማኅበራችንን ታሪክ ጻፍኩ ብሎ ከቆመ ጀምሮ ያነበበው ሁሉ ስለ ቨርሊን ነው፤ ቨርሊን እንደ መሠረተው፣ ቨርሊን ዜማውን እንደ መራ፣ ቨርሊን ሲዘፍን ሴቶች እንዳለቀሱ። የኦግደን ስም የተነሣው ገና አሁን ነው፣ እሱም ለጥፋት። ባለ መስመር ሰደርያ የለበሰ አውራ ዶሮ! ሆዱ ቁልፎቹን ሊበጥስ ደርሶ እንኳ ደረቱን ይነፋል።

ያ ሽንፈት ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። ኦግደን ከዚያ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ገብቶ ያንኑ የውድድሩን ዘፈን ለብቻው ይለው ነበር። ብቻውን ሲሆን ደግሞ ያቺን ቃና አንድም ቀን ስቷት አያውቅም።

ንባቡ ሲያበቃ ያኔ ከተወዳደሩት አራቱ የቀሩት ሦስቱ ተነሡ። ወጉ ነው፤ አንዱ ሲሞት ቦታውን ክፍት ትተው፣ ያለ እሱ ድምፅ ይዘፍኑለታል። ፒያኖ የለ፣ ጊታር የለ፤ መነሻውን የምትሰጠው የመሪው ክብ ፊሽካ ናት፣ እሷ ያለችውን ሁሉም ይከተላል። ቨርሊን ከኪሱ አወጣትና የዚያኑ የዋንጫ ዘፈን መነሻ ነፋ።

ኤልቫ ሹካዋን አስቀመጠች። መነሻው ከጋራዡ ከለመደችው ዝቅ ብሏል። ዝቅ ሲል ወደ ላይ መውጣት ለሚከብደው መሪ ይመቸዋል፤ ከታች ለሚዘፍነው ግን ገደል ነው።

«ቨርሊን» አለች ተነሥታ። «እንደገና ንፋው። በራሱ ቃና።»

«ኤልቫዬ፣ አርጅተናል እኮ! ለጉሮሯችን ብናዝንለት ምናለ?»

ጥቂቶች ሳቁለት።

«ያኔም አርጅተህ ነበር?»

ሳቁ ቆመ። ቨርሊን እስከ ጆሮው ቀላና በትክክለኛው ቃና ነፋ። ዘፈኑ ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ሳል አስመሰለው። ሲጨርሱ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እነዚህ ሰዎች ለሳልም ያጨበጭባሉ።

ከሦስቱ አንዱ፣ ዴል፣ ላቡን እየጠረገ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ።

«ታውቁ ነበር» አለችው።

«ገና መድረኩ ላይ ሳለን።» ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። «ያን ቀን ቨርሊን ጉሮሮው ተዘግቶበት፣ ሳይነግረን ዝቅ አድርጎ ነፋት።»

«ታዲያ አፋችሁን ምን ያዘው?»

«ኦግደን ነዋ! ‹እኔ ኤልቫ አለችኝ። ይሄ ምስኪን ከዚህ ማኅበር ሌላ ምን አለው?› ብሎ አስማለን።»

ኤልቫ በንዴት ጦፈች። ለእሷ እንኳ ሳይነግራት! ለዚህ ሰው ሲል! ተነሥታ ሁሉንም ማፍረጥረጥ ትችላለች፤ አዳራሹ ገና ሙሉ ነው። ግን ቨርሊን ራሱ በሁለት እጁ የፖም ኬክ ይዞላት ሲመጣ አየች፤ ዓይኑ ይለምናታል። ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ኦግደን እውነቱን ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ኬኩን ተቀበለችው።

«ግሩም አድርገህ ዘፈንክ፣ ቨርሊን።»

ፊቱ በራ። አመናት።