የጠፉት ብሎኖች

አዲሱ የአየር ማስገቢያ ቱቦ ቦታውን ይዞ ነበር፤ ከሞተሩ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች ግን ውሃ በላቸው። ሰውየው በተከፈተው የፒክአፑ ኮፈን ሥር አንገቱን ቀብሮ፣ አማቱ ደግሞ ጎማው አጠገብ ተንበርክከው ይፈልጉ ነበር። "እዚሁ ባትሪው ላይ ነበሩ፤ እኔ እንደሁ አልነካሁም" አሉ አማቱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሚስቱ የእናቷን ሻንጣ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች። እናትና ልጅ እሳትና ጭድ ሆነው ከርመዋል። ለጥቂት ቀን የመጡት እናቷ ወራት የቆዩት ወደ ቤታቸው የሚመልሳቸው መኪና ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል ተብሎ ነበርና፣ ቱቦውን ገዝታ ያመጣችው ራሷ ናት። "አሁንም አልተገኙም?" አለች።

"ይነሱ እማማ፣ ልብስዎ ቆሸሸ" ብሎ እጁን ዘረጋላቸው። ግራቸውን ሰጡት። በቀኛቸው ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ሲነሱ እንኳ ጭብጣቸውን አልፈቱም፤ በጣቶቻቸው መሃል ግን የብሎን ጫፍ ብልጭ አለ። ማየቱን አዩና እንደተያዘ ሕፃን አቀረቀሩ።

ሰውየው እፎይ አለ። ጠዋቱን ሙሉ ግራ ያጋባው ይሄኛው ብሎን ነበር። አማቱ ከመጡ ወዲህ በቤቱ በተነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ "ተይው ልጄን" እያሉ የሚፈርዱት ለእሱ ነው።

"የሉም፤ ሻንጣውን መልሺው" አላት ሚስቱን፣ ሌላኛውን ብሎን ኪሱ ውስጥ በጣቱ እያሽከረከረ።